«ሂ» ማለት «እሱ» ብቻ አይደለም፦ ይህችን ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ለመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ድምፁ ተዘግቷል። «አሞኛል፤ ዛሬ አልገባም። ለአለቃ ንገርልኝ» አለኝ። አለቃችን አማርኛ አይሰማም። ቢሮ እንደገባሁ በእንግሊዝኛ «ሂ ሴድ አይ አም ሲክ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሐኪም «ታመሃል» ያለኝ መስሎታል። «ታዲያ ለምን መጣህ? ቤትህ ሂድና ተኛ» አለኝ። የጓደኛዬ ነገር ሳይነገር ቀረ። ያን ቀን ያለ ፈቃድ እንደቀረ ተቆጠረበት። ለማስተካከል ብዙ ተመላለስን።

ማታ ዓረፍተ ነገሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ደጋግሜ አየሁት። ቃሎቹ እንግሊዝኛ ናቸው። አካሄዱ ግን የአማርኛ ነው። «አሞኛል አለ» የሚለውን እንዳለ ነው ያሻገርኩት።

ትምህርት ቤት «ሂ ማለት እሱ» ብለን ሸምድደን አልፈናል። ውሸት አይደለም። ግን «እሱ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ትጠሩታላችሁ? ጥቂት ጊዜ ነው። «መጣ»፣ «በላ»፣ «ተኛ» ስንል ሰውየው ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየውን ለብቻው አውጥቶ ካላቆመ ዓረፍተ ነገሩ አይቆምም። ስለዚህ «ሂ»ን መማር አንድ ቃል መሸምደድ አይደለም። አማርኛችን ውስጥ የተደበቀውን ሰው ማየት መልመድ ነው።

አሁን ማታ ማታ ጎረቤቶቼንና ዘመዶቼን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ይህ መመሪያ ከዚያ የተገኘ ነው። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስለጻፍኩት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ።

1. አራቱን መልኮች ለዩ

ቃሉ እንደ ቦታው መልኩን ይቀያይራል። ድርጊቱን የሚፈጽመው ሲሆን «ሂ» ነው። ድርጊቱ የሚያርፍበት ሲሆን «ሂም» ነው። ባለንብረት ሲሆን «ሂዝ» ነው። ድርጊቱ ወደ ራሱ ሲመለስ «ሂምሰልፍ» ነው።

«ሂ» ከግሱ በፊት ይቆማል፦ «ሂ ኬም»፣ መጣ። «ሂም» ከግስ ወይም ከመስተዋድድ በኋላ ይመጣል፦ «አይ ኖው ሂም»፣ አውቀዋለሁ፤ «ፎር ሂም»፣ ለሱ። እኛ «ለሱ»፣ «ከሱ ጋር»፣ «ስለሱ» ስንል «እሱ» አይለወጥም። ስለዚህ «ዊዝ ሂ» ማለት ይቀናናል። ትክክሉ «ዊዝ ሂም» ነው።

«ሂዝ» ከስም በፊትም ብቻውንም ይሠራል። «ሂዝ ቡክ»፣ መጽሐፉ። «ዲስ ቡክ ኢዝ ሂዝ»፣ ይህ መጽሐፍ የሱ ነው። ለሴት ግን «ሄር ቡክ» ይባልና ብቻውን ሲቆም «ሄርስ» ይሆናል። ለወንድ ቀለል ይላል።

«ሂምሰልፍ» ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ማይሰልፍ» የተሠራው ከ«ማይ» ስለሆነ ይህኛውንም «ሂዝሰልፍ» ማድረግ ያምረናል። «ሂምሰልፍ» ግን የተሠራው ከ«ሂም» ነው። «ሂ ከት ሂምሰልፍ» ራሱን ቆረጠ ማለት ነው። «ባይ ሂምሰልፍ» ከሆነ ደግሞ «ብቻውን» ይሆናል።

2. ሰውየውን ከግሱ ውስጥ አውጡት

«አልነገረውም» የምትለዋን ቃል ጻፉ። አንድ ቃል ናት። ውስጧ ግን ሁለት ሰዎች አሉ። «አል» እና «ም» አሉታ ናቸው። «ነገረ» ውስጥ ያልተናገረው ሰው አለ። «ው» ደግሞ ያልተነገረው ሰው ነው። እንግሊዝኛ ይህንን ለመናገር አምስት ቃል ያስፈልገዋል፦ «ሂ ዲድ ኖት ቴል ሂም»። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው።

ሌላ እንሞክር። «ይወደዋል»። ፊት ያለችው «ይ» ወዳጁ ናት። መሐል ያለው «ው» ተወዳጁ ነው። «ሂ ላቭስ ሂም»። ስለ አንድ አባትና ስለ ወንድ ልጁ ሲወራ በሉት።

ልምምዱ ቀላል ነው። የአማርኛ ግሱን ጻፉ። «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ወንድ ከሆነ መልሱን «ሂ» ብላችሁ ከግሱ በፊት አስቀምጡ። ቀጥሎ «ማንን?» ወይም «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድ ከሆነ «ሂም» ብላችሁ ከግሱ በኋላ አስቀምጡ። ሃያ ግስ እንዲህ ከፈታችሁ እጃችሁ ይለምዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ ሰውየውን መርሳት ነው፦ «ኢዝ ኤ ድራይቨር»። ሌላው ሁለት ጊዜ መጥራት ነው፦ «ማይ ብራዘር ሂ ኢዝ ኤ ድራይቨር»። ሁለተኛውን በጣም ብዙ እሰማዋለሁ። «ወንድሜ» ብለን ከጠራን በኋላም ግሱ ውስጥ ያለው «እሱ» መውጣት ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ፊት ላይ ያለው ግን አንድ ወንበር ነው። ስሙ ከተቀመጠበት «ሂ» አይቀመጥም። «ማይ ብራዘር ኢዝ ኤ ድራይቨር» በሉና ነጥብ አድርጉ። «ሂ» ተራዋ ቀጥሎ ነው፦ «ሂ ሊቭስ ኢን አዳማ»።

3. «ው» ሁልጊዜ «ሂም» እንዳልሆነ እወቁ

እዚህ ደረጃ ላይ ረጋ በሉ። እኔ ራሴ ለመረዳት ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው።

«ራበው» እንበል። ባለፈው ደረጃ መሠረት «ው» ማለት «ሂም» መሆን ነበረበት። በአማርኛ አስተሳሰብ እውነት ነው። ረሃቡ ነው ሰውየውን የያዘው። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ራሱ ፊት ይወጣል፦ «ሂ ኢዝ ሀንግሪ»። የስሜትና የአካል ግሶቻችን በብዛት እንዲህ ናቸው። ደከመው፣ «ሂ ኢዝ ታየርድ»። በረደው፣ «ሂ ኢዝ ኮልድ»። አመመው፣ «ሂ ኢዝ ሲክ»። ገባው፣ «ሂ አንደርስቱድ»። የአማርኛው «ው» እንግሊዝኛ ውስጥ «ሂ» ሆኖ ብቅ ይላል።

«አለው»ም ከዚሁ ወገን ነው። «መኪና አለው» ስንል ፊት ያለው መኪናው ነው። እንግሊዝኛው ባለ መኪናውን ያስቀድማል፦ «ሂ ሃዝ ኤ ካር»።

«ናፈቀችው» ደግሞ ልብ የሚነካ ስህተት ታመጣለች። የማስጠናው አንድ አባት ልጁን ይዞ ውጭ አገር ገብቶ ነበር። እናትየው አገር ቤት ናት። ልጁ ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚያለቅስ ለአስተማሪዋ ሊጽፍላት ፈለገ። «እናቱ ናፍቃው ነው» ሊል አስቦ «ሂዝ ማዘር ሚስስ ሂም» ብሎ ጻፈ። ይህ «እናቱ እሱን ናፍቃለች» ማለት ነው። የናፈቀው ልጅ ጠፍቶ የናፈቀች እናት ብቻ ቀረች። በአማርኛው ግሱ «ች» ስላለው እናትየውን ማስቀደሙ አይገርምም። እንግሊዝኛው ግን የሚናፍቀውን ነው የሚያስቀድመው፦ «ሂ ሚስስ ሂዝ ማዘር»። አባትየው መልእክቱን እንደገና ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በት» ያለባቸውንም ግሶች አብራችሁ ያዙ። «ስልኩ ጠፋበት» ሲሆን የጠፋው ስልኩ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ሂ ሎስት ሂዝ ፎን» ይላል። «መኪናው ተበላሸበት» ደግሞ «ሂዝ ካር ብሮክ ዳውን» ነው። እዚህ «በት» ያለችው ሐዘኔታ በ«ሂዝ» ብቻ ተሸፍና ታልፋለች። «አባቱ ሞተበት» ግን እንደ ስልኩ ነው የሚሄደው፦ «ሂ ሎስት ሂዝ ፋዘር»። አማርኛችን ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ በአንዲት «በት» ይናገራል። እንግሊዝኛ ለዚህ አቻ ፊደል የለውም። ስለዚህ «በት» ስታዩ «የተጎዳው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁና እሱን አስቀድሙት፤ ወይም ንብረቱን በ«ሂዝ» ከሱ ጋር እሰሩት።

4. «እመጣለሁ አለ» ስትሉ «እኔ»ን ቀይሩ

አሁን ወደዚያ ሰኞ ጠዋት እንመለስ። አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ስናደርስ ቃሉን እንዳለ ያስቀምጠዋል። «እመጣለሁ ብሎ ቀረ»። እዚህ «እመጣለሁ» የእኔ አይደለም፣ የሱ ነው። አማርኛ ሰሚ ማንም አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ሴድ አይ ዊል ከም» ካልኩ የሚመጣው እኔ ነኝ። ስለዚህ «አይ» ወደ «ሂ»፣ «ማይ» ወደ «ሂዝ»፣ «ሚ» ወደ «ሂም» መዞር አለባቸው። «ሂ ሴድ ሂ ውድ ከም፣ ባት ሂ ዲድንት»። «ቤቴ ተቃጠለ አለ» ከሆነ «ሂ ሴድ ሂዝ ሃውስ በርንድ ዳውን»። እኔም ማለት የነበረብኝ «ሂ ሴድ ሂ ኢዝ ሲክ» ነበር። ከዚያም በፊት የጓደኛዬን ስም መጥራት ነበረብኝ።

ይህ ስህተት ለቤተሰብ ስታስተረጉሙ አደገኛ ነው። ፖሊስ ፊት «ሂ ሴድ አይ ሂት ዛት ማን» ብትሉ መቺው እናንተ ትሆናላችሁ። ፍርድ ቤትና ሐኪም ቤት የሚሠሩ ባለሙያ አስተርጓሚዎች በተናጋሪው አፍ «አይ» ብለው ሲናገሩ ልትሰሙ ትችላላችሁ። እነሱ ግን «ሂ ሴድ» አይጨምሩም። የሙያው ደንብ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ «ሂ ሴድ» ካላችሁ እስከ መጨረሻው በ«ሂ» ሂዱ።

አንድ ችግር ይቀራል። ከበደ ለዓለሙ «አሸንፌያለሁ» ቢለውም፣ «አሸንፈሃል» ቢለውም እንግሊዝኛው አንድ ነው፦ «ከበደ ቶልድ ዓለሙ ዛት ሂ ሃድ ዎን»። ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም። አማርኛ በዚህ ይበልጣል። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ወንዶች አንድ ታሪክ ውስጥ ከገቡ ስም ለመድገም አትፈሩ። አሰልቺ ቢመስልም ግልጽ ነው።

5. ሰው ነው ወይስ ዕቃ?

አማርኛ ውስጥ ስም ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ነው። መጽሐፉ «እሱ» ነው፣ መኪናዋ «እሷ» ናት። ብዕር እየጠቆምን «እሱን አቀብለኝ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለዕቃ ሁሉ «ኢት» የሚል ቃል አለው። «ጊቭ ሚ ሂም» ካላችሁ ሰሚው ሕፃን አቅፎ እንደሆነ ነው የሚያስበው። «አየሁት» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፦ ሰው ከሆነ «አይ ሶው ሂም»፣ ፊልም ከሆነ «አይ ሶው ኢት»።

እንስሳት መሐል ላይ ናቸው። የማታውቁት ውሻ መንገድ ላይ ካለፈ «ኢት» በሉት። ባለቤቱ ፊት ግን «ኢት» ማለት ቅዝቃዜ አለው። ሰዎች ውሻቸውን በስም ነው የሚያሳድጉት፣ «ሂ» ወይም «ሺ» ይሉታል። ካላወቃችሁ «ኢዝ ኢት ኤ ሂ ኦር ኤ ሺ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ «ሂ» ራሷ ስም ሆና «ወንድ» ማለት ሆነች። «ሂ-ጎት» የሚባለውም አውራ ፍየል ነው። ለአራስ ልጅም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ ፆታውን እንዳወቃችሁ ግን «ኢት»ን ተዉ።

ድሮ ነገሩ እንዲህ የተለየ አልነበረም። «ሂዝ» ለዕቃም ያገለግል ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 5፥13 ላይ ብታነቡ ጨው ጣዕሙን ሲያጣ «ሂዝ ሴቨር» ይላል። ጨው ሰው ሆኖ አይደለም። «ኢትስ» የሚለው ቃል ገና እየገባ የነበረበት ዘመን ነው። አማርኛ አንባቢ እዚያ ጥቅስ ላይ ቤቱ እንደገባ ይሰማዋል፤ እኛም «ጣዕሙ» ነው የምንለው።

ስለ እግዚአብሔር ሲጻፍ በርካታ አማንያን «ሂ»ን በትልቁ ፊደል ይጀምራሉ፣ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይም ቢሆን። አክብሮት ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። እኛ ያንን ክብር «እሱ»ን ትተን «እርሱ» በማለት እንገልጸዋለን። አንዳንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ግን በትንሹ ነው የሚጽፉት፤ ስታገኙት ድፍረት አድርጋችሁ አትውሰዱት።

6. «ቤቱ» የማን ቤት ነው?

«ልጁ መጣ»። የትኛው ልጅ? ቀድሞ የተወራለት ልጅ ነው ወይስ የሰውየው ልጅ? አማርኛ ላይ «ኡ» ሁለቱንም ትሠራለች። እንግሊዝኛ ግን ያስመርጣል። የታወቀው ልጅ ከሆነ «ዘ ቦይ»፣ የሰውየው ልጅ ከሆነ «ሂዝ ሰን»። ስለዚህ «ኡ» ወይም «ው» ያለበት ስም ስታገኙ ከፊቱ «የሱ» ጨምሩበት። «የሱ ቤት» ስትሉ ትርጉሙ ካልተበላሸ «ሂዝ» ነው። ከተበላሸ «ዘ» ነው። «ዝናቡ ቆመ» ላይ «የሱ ዝናብ» አይሆንም፤ «ዘ ሬይን» በሉ። «ስሙ ማነው?» ላይ «የሱ ስም» ያስኬዳል፤ «ሂዝ ኔም» ነው።

የአካል ክፍል ላይ እንግሊዝኛ «ሂዝ»ን አይተውም። እጁን ታጠበ፣ «ሂ ዎሽድ ሂዝ ሃንድስ»። እግሩ ተሰበረ፣ «ሂ ብሮክ ሂዝ ሌግ»። የሁለተኛው አነጋገር ሆን ብሎ የሰበረ ያስመስላል፤ ግን አይደለም፣ የተለመደ አባባል ነው።

7. ግሱ ላይ «ስ» ጨምሩ

ይህ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። ለአሁን ጊዜ «ሂ» ካለ ግሱ «ስ» ወይም «ዝ» ይጨምራል፦ «ሂ ዎርክስ»፣ «ሂ ጎዝ»። ጥያቄና አሉታ ላይ «ስ»ዋ ወደ «ዱ» ትሄዳለች፦ «ዳዝ ሂ ዎርክ?»፣ «ሂ ዳዝንት ዎርክ»። ሁለቱም ላይ አትደርቡ። ከ«ካን»፣ «ዊል» እና «ማስት» በኋላ የለችም። ባለፈ ጊዜም አትጨመርም።

8. «እሳቸው» ሲመጣ፣ ፆታውም ሳይታወቅ ሲቀር

አባታችንን «እሳቸው» ብለን አድገን «ሂ» ማለት ይከብዳል። ነውር ይመስላል። ስለዚህ «ማይ ፋዘር፣ ዘይ አር ሲክ» የሚል ሰው አለ። ሰሚው ሌላ ማን እንደታመመ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። ንጉሡም «ሂ» ናቸው፣ የቤት ጠባቂውም «ሂ» ነው። አክብሮቱን ማሳየት ከፈለጋችሁ በማዕረጋቸው ጥሯቸው፣ ድምፃችሁን አለስልሱ፣ «ሰር» ጨምሩ። «ሂ» ማለት አባትን ማቃለል አይደለም።

«እሳቸው» ሌላ ፈተናም አላት። ፆታ የላትም። «ዶክተር ነገ ይመጣሉ» የሚል መልእክት ብትተረጉሙ «ሂ» ነው ወይስ «ሺ»? ከአማርኛው አይታወቅም። ገምታችሁ አትጻፉ፣ ጠይቁ። መጠየቅ ካልተቻለ «ዘ ዶክተር ዊል ከም ቱሞሮው» ብላችሁ ማዕረጉን ድገሙ።

ጉዳዩ አንድ የታወቀ ሰው ሳይሆን ማንኛውም ሰው ሲሆንስ? «ማንኛውም ተማሪ መጽሐፉን ያምጣ» እንበል። እንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ «ሂዝ ቡክ» ይል ነበር፣ ሴቶችንም እንደሚጨምር ታስቦ። የብሪታንያ ፓርላማ በ1850 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ በወንድ ፆታ የተጻፈው ሴትንም እንደሚያካትት ደንግጓል። የኛም ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 7 ላይ ይህንኑ አስፍሯል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ደብዳቤና በትምህርት ጽሑፍ ላይ ግን ይህ አጻጻፍ ሴቶችን የዘነጋ ይመስላል። «ሂ ኦር ሺ» ይባላል፤ ከዚያ ይልቅ የተለመደው «ዘይ» ነው፣ ለአንድ ሰውም ቢሆን፦ «ኤቭሪ ስቱደንት ሹድ ብሪንግ ዜር ቡክ»። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ለዘመናት የኖረ ነው። የአሜሪካው የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2019 እ.ኤ.አ. «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። እኔም ፆታው ለማይታወቅ ሰው «ዘይ»ን እመክራለሁ።

ኢሜይል መጨረሻ ላይ ከስም ሥር «ሂ/ሂም» ተጽፎ ካያችሁ ሰውየው «ስለ እኔ ስታወሩ በነዚህ ጥሩኝ» ማለቱ ነው። እንዳለው መጥራት በቂ ነው።

ይህ ነገር ለስማችን ይጠቅማል። «ደስታ» ወይም «ስንታየሁ» የሚለውን ስም አይቶ ወንድ ይሁን ሴት የውጭ አገር ሰው እንዴት ያውቃል? እኛም አናውቅም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሴቶቻችን በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ሰላማዊት ተስፋዬ ውጭ አገር «ሚስተር ተስፋዬ» ተብላ ደብዳቤ ይደርሳታል፣ ውስጡም «ሂ» ነው። ስለ ሌላ ሰው ደብዳቤ ስትጽፉ መጀመሪያው መስመር ላይ ከስሙ በፊት ለሴት «ሚዝ»፣ ለወንድ «ሚስተር» አስገቡ። ያች አንዲት ቃል በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ታስተካክላለች።

9. ጆሮና አፍ

እስራኤል የኖረ ሰው እንግሊዝኛ ሲጀምር ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በዕብራይስጥ «ሁ» እሱ ነው፣ «ሂ» ደግሞ እሷ ናት። ዐረብ አገር የሠራችም እህት «ሁወ» ለወንድ፣ «ሂየ» ለሴት ብላ ለምዳለች። የእንግሊዝኛው «ሂ» ጆሮዋ ላይ ሴት ሆኖ ይሰማል። እንዲህ ከሆናችሁ ቃሉን ብቻውን አትለማመዱ። ከወንድ ስም ጋር አጣምሩት፦ «ዮሴፍ፣ ሂ። ዮሴፍ፣ ሂም።» ለሳምንት በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ።

ቀጥሎ «ሂዝ» እና «ሂይዝ» አሉ። የመጀመሪያው አጭር ነው፣ የሱ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሂ ኢዝ» ወይም «ሂ ሃዝ» ተሰብስቦ ነው፣ «ሂ»ው ሳብ ይላል። «ሂይዝ ታየርድ»፣ ደክሞታል። «ሂዝ ብራዘር»፣ ወንድሙ። ስትጽፉ ለመለየት «ሂ ኢዝ» ብላችሁ ዘርግታችሁ አንብቡት። ትርጉም ከሰጠ ከ«ስ»ዋ በፊት ከላይ የምትንጠለጠለውን ጭረት (አፖስትሮፍ) ጨምሩ።

ፈረንጅ ሲያወራ «ሂም» የት እንደገባች የማትሰሙት «ህ»ን ስለሚውጣት ነው። «ቴል ሂም» «ቴሊም» ይሆናል። «ኢዝ ሂ ከሚንግ?» «ኢዚ ከሚንግ» ይሆናል። «ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» «ዋዲዲ ሴይ» ሆኖ ይሮጣል። ዓረፍተ ነገር ሲጀምርና ጫን ተብሎ ሲነገር ግን «ህ» ትሰማለች። እናንተ «ህ»ን ብትናገሩ ምንም አይደለም። ጆሮአችሁ ግን ያለሷ መስማትን ይልመድ።

10. የቀሩ ጥቂት ቦታዎች

አሜሪካ ስልክ ተደውሎ «ሜይ አይ ስፒክ ቱ ዮናስ?» ከተባለና ዮናስ እናንተ ከሆናችሁ «ዲስ ኢዝ ሂ» ትላላችሁ። ስለ ራስ «እሱ ነው» ማለት ይገርማል፤ ግን ትክክለኛውና ጨዋው መልስ ነው። «ዲስ ኢዝ ሂም» የሚልም ብዙ ነው። ከከበዳችሁ «ስፒኪንግ» በሉ። «ዲስ ኢዝ አይ» ግን አትበሉ።

ምሳሌያዊ አነጋገር ስትተረጉሙ «የ» ውስጥ የተደበቀውንም «ሂ» አውጡት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ሁለቱም «ሂ ሁ» ብለው ይጀምራሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ግን «ሺ ሁ» ናት። ተረታችን ራሱ ፆታ መርጧል፤ አትቀይሩበት።

11. አብረን እንሥራ

ይህንን አንብቡ። «አጎቴ ትናንት ደወሉ። የደወሉት በጎረቤት ስልክ ነው፤ የራሳቸው ጠፍቶባቸዋል። እግራቸውን አሟቸዋል። ዶክተሯ ይረፉ ብላቸው ነበር፤ እንቢ አሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ነገ ሥራ እገባለሁ ብለዋል።»

«እሱ» የሚል ቃል አንድም የለም። አሁን ደረጃዎቹን በየተራ እናስኪዳቸው። «አጎቴ» ስም ስለሆነ ወንበሩን ይዟል፦ «ማይ አንክል ኮልድ ዬስተርዴይ»። «ጠፍቶባቸዋል» ላይ የተጎዳውን እናስቀድም፦ «ሂ ዩዝድ ኤ ኔይበርስ ፎን፣ ቢኮዝ ሂ ሎስት ሂዝ»። «እግራቸውን» የአካል ክፍል ነው፦ «ሂዝ ሌግ ኸርትስ»። «ብላቸው» ውስጥ ተቀባዩ አለ፦ «ዘ ዶክተር ቶልድ ሂም ቱ ሬስት፣ ባት ሂ ሬፊውዝድ»። ዶክተሯ ሴት መሆኗ እዚህ ጠፋ፤ እንግሊዝኛው «ዶክተር» ፆታ የለውም። «ብቻቸውን»፦ «ሂ ሊቭስ ባይ ሂምሰልፍ»። «እገባለሁ ብለዋል» ላይ «እኔ» ዞሮ፦ «ሂ ሴይስ ሂ ዊል ጎ ቱ ዎርክ ቱሞሮው»።

ቁጠሩ። በአማርኛው ባዶ የነበረው ቦታ ላይ አሥር ጊዜ መጣ፤ አራቱም መልኮች አሉበት። ቀጥሎ የራሳችሁን ጻፉ። ዛሬ ስላገኛችሁት አንድ ወንድ፣ ስድስት መስመር፣ መጀመሪያ በአማርኛ። እንግሊዝኛውን ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ግስ ውስጥ ያለውን ሰው በእስክሪብቶ ክበቡት።